ትንፋሽ የበላቸው ካሴቶች

እትዬ ካውያ ሰውን ስትንቅ በደረጃ ነበር። ስልኩን ሽንት ቤት ከትቶ ሲያበቃ «እንዲሁ በድንገት ጠፋብኝ» የሚላትን ደንበኛ በግማሽ ዓይን ታየዋለች። ሬዲዮውን ራሱ ሊጠግን ሞክሮ፣ የተረፉትን ሦስት ብሎኖች በፌስታል ቋጥሮ የሚመጣውን ደግሞ ጭራሽ አታየውም፤ እጇን ብቻ ዘርግታ ትቀበለዋለች። ከሁሉ በላይ ያለውን ንቀቷን ግን ለማንም ደንበኛ አታባክነውም። እሱ ለታላቅ ወንድሟ የተቀመጠ ነው።

ቅጽል ስሟን ያወጡላት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ በሚቆምባት ሱቋ ውስጥ ሬዲዮ፣ ሪሞት፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ስትጠግን የብየዳው ካውያ ከእጇ አይለይም። ምላሷም እንደዚያው ነው፤ የነካውን ሳይለበልብ አይመለስም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ባል አግብታ ነበር፤ ፈትታዋለች፤ ስለ እሱ ከተጠየቀች «ፊውዙ የተቃጠለ ነበር» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው።

ወንድሟ በአራት ዓመት ይበልጣታል። ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ትለዋለች፤ ድሮ ቃሉ የሚወጣው ከአክብሮት ነበር፣ አሁን ከልማድ። እሱ በኢንተርኔት ላይ ለራሱ ያወጣው ስም ግን ሌላ ነው፤ «አባ ካሴት»። ሠላሳ ሺህ ተከታይ አለው። የድሮ የቪዲዮ ጌም ካሴቶችን፣ እነዚያን መዳፍ የሚሞሉ የፕላስቲክ ሣጥኖች፣ ከኋላው በመደርደሪያ ደርድሮ ፊቱን በስልክ እየቀረጸ ስለ ልጅነት ያወራል። «ወገኖቼ! እኛ እኮ ካሴት ነፍተን ያደግን ትውልድ ነን!» ይልና አንዱን አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እፍፍፍ ይልበታል። ከዚያ ዓይኑን ሲገልጥ እንባ ያቀረረ ይመስላል።

እትዬ ካውያ ይህን ቪዲዮ አንድ ጊዜ ብቻ አይታዋለች። «ምራቁ እኔ ጋ ደረሰ» አለችና የደንበኛዋን ስልክ በጨርቅ ጠርጋ መለሰችለት። ካሴት የማይነፋው ለምን እንደሆነ የጠየቃት ቢኖር በሁለት ዓረፍተ ነገር ትነግረው ነበር። በካሴቱ አፍ ውስጥ የሚታዩት ወርቃማ ጥርሶች ከማጫወቻው ጋር የሚነካኩባቸው ናቸው፤ ትንፋሽ አቧራውን ያባርራል፣ ነገር ግን እርጥበቱን ትቶበት ይሄዳል፣ እርጥበቱም ከወርቁ ሥር ያለውን መዳብ እያደር ይበላዋል። ግን ማን ጠይቋት! ሠላሳ ሺህ ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ይኸው ወንድም ሦስት ካርቶን በጋሪ አስጭኖ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«እህት ዓለም!» አላት። እህት ዓለም ካለ የሚፈልገው ነገር አለ።

«ምን ሰብረህ መጣህ?»

«ምንም አልሰበርኩም። ቅዳሜ የከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን አለኝ። ‹የልጅነታችን ቅርስ› ነው የሚባለው። መቶ አርባ ካሴት አቀርባለሁ፤ ሁለት ቴሌቪዥን ተዘጋጅቶ ሰው እየመረጠ ይጫወታል።»

«ስንቶቹ ይሠራሉ?»

«ሁሉም! ማለቴ… ይሠሩ ነበር። አሁን ግማሹ ስክሪኑን ጥቁር ያደርገዋል፣ ግማሹ ዥጉርጉር መስመር ያወጣል። ትናንት ስሞክራቸው ደህና የሆኑት አራት ናቸው።»

የመጀመሪያውን ካርቶን ከፈተችው። ካሴቶቹ በላስቲክ እየታሰሩ ነው የተቀመጡት፤ ላስቲኩ በሙቀት ቀልጦ ፕላስቲኩ ላይ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። የሻጋታ ሽታ ወጣ።

«የት ነው የምታስቀምጣቸው?»

«የምታዪው መደርደሪያ ላይ ያሉት ባዶ ሽፋኖች ናቸው፤ ለቪዲዮ ያምራሉ። እነዚህ ቆርቆሮው ሥር፣ ኮርኒሱ ላይ ነበሩ።»

«በምን ታጸዳቸዋለህ?»

«እነፋቸዋለኋ! አልሠራ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ፣ ፈተግ። አንድ ሁለቱን በነጭ ጋዝ አጥቤያቸዋለሁ።»

እትዬ ካውያ ቀና ብላ አፉን አየችው። «ጋሼ፣ ጥርስህንስ የምትቦርሸው በሞረድ ነው?»

መልሳ ልትሰደው ነበር። ግን ለምሳ ቤት ስትሄድ እሱ ቀድሟት ለእናታቸው ደውሏል። እናቷ ሳህኑን ፊቷ እያስቀመጠች፣ «ወንድምሽ ነው፤ አንቺ ካልደረስሽለት ማን ይደርስለታል?» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር እትዬ ካውያ በሕይወቷ ምናልባት አራት መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ከሰዓት ካርቶኖቹን ወደ ውስጥ ሳበቻቸው።

ወደ እሷ የመጣው የሰፈር ጠጋኝ ስለሆነች ብቻ አልነበረም። ካሴት ማጽዳት የተማረችው በዚያው በቤታቸው ነው። ልጆች ሳሉ እናታቸው የቤታቸውን የፊት ክፍል ጌም ቤት አድርጋው ነበር። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ጆይስቲክ፣ ሁለት ረጅም አግዳሚ ወንበርና ስልሳ አንድ ካሴት። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ እዚያ ይታጨቃል። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጎረቤት ነበራቸው፤ እሱ የካሴት ብሎን የሚፈታ፣ ጫፉ የተቦረቦረ ልዩ ካቻቢቴ ለልጅቷ ሰጣትና አያያዙን አሳያት። ከዚያ በኋላ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ የካሴቶቹ ሐኪም ሆነች። በየሦስት ወሩ አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ በጥጥና በፋርማሲ አልኮል ጥርሳቸውን ትጠርጋለች፣ አድርቃ ትገጥማለች፣ ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ መጽሐፍ አቁማ ትደረድራለች። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነበር። እናታቸው ለታላቁ ልጇ ያልሰጠችው እሱ የያዘው ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ እሑድ ሦስቱም የታመመች አክስታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ወንድሟ ከመንገድ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ቀረ። ሲመለሱ የፊት ክፍሉ በር ሳይሰበር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቁም ሣጥኑ ግን ተሰብሮ ባዶ ነው። እሱ «ጓደኛዬ ዘንድ ተኝቼ ነበር» አለ። አለና፣ «ለመሆኑ በሩን የዘጋው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

የዘጋችው እሷ ነበረች። ቁልፉን ሁለቴ ማዞሯን ታስታውስ ነበር። ሰባት ጊዜ ስትጠየቅ ግን አንድ ጊዜ ያዞረችው መሰላት፤ ሃያ ጊዜ ስትጠየቅ ጭራሹን ማዞሯን ተጠራጠረች። ጌም ቤቱ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ልትገባበት የነበረው የሙያ ትምህርት ቤት ቀረ። እናቷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ልትወጣ ስትል «ቆልፈሻል?» ትላታለች፤ ሦስት ጊዜ፤ እስከ ዛሬ። ወንድሟ ደግሞ ነገሩን ቀልድ አደረገው። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይልና «በሩን እኔ ልዝጋው፤ እሷ ከዘጋችው እኛንም ይሰርቁናል!» ይላል። ዘመድ ይስቃል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እሷም አብራ ስቃለች።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። ማክሰኞና ረቡዕ ሁለቱን ካርቶን አገባደደች። ብሎኑን ትፈታለች፣ ሽፋኑን በሳሙና ውሃ አጥባ ታሰጣለች፣ የቀለጠውን ላስቲክ በጥፍሯ ትልጣለች። ጥርሶቹን መጀመሪያ በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጋ ታሻለች፣ ከዚያ ጥጡን አልኮል ነክራ ትጠርጋለች። የመጀመሪያው ጥጥ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሁለተኛው አረንጓዴ፣ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ነጭ። በብርጭቆ ወረቀት የተፈተጉት ላይ ግን ወርቁ ራሱ የለም፤ ሐኪም የማያድናቸው ናቸው። እነሱን ለብቻ አስቀምጣ ካርቶኑ ላይ «በእውቀት የሞቱ» ብላ ጻፈችበት።

ረቡዕ ከሰዓት ወንድሟ ስልኩንና ጥቁር የጎማ ጓንት ይዞ መጣ።

«ይቺን አጥልቂልኝና አንዱን አጽጂ፤ እጅሽን ብቻ ነው የምቀርጸው። ድምፁን ቤት ሄጄ እጨምርበታለሁ።»

«ጓንቱ ለምንድነው?»

«ለንጽሕና ነዋ።»

ጓንቱን አየች፤ እሱን አየችው። ይህን አተያይዋን ሁሌም ይፈራዋል።

«ጣትሽ እኮ የሴት ጣት ነው፤» አለ አንገቱን እያከከ። «ተከታዮቼ ግራ ይገባቸዋል። የማጸዳው እኔ ነኝ ብያለሁ።»

እትዬ ካውያ ለመናደድ እንኳ አልበቃ አላት። ጓንቱን አጠለቀችው። አንድ ሰው እፍረቱ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ማየት ፈልጋ ነበር፤ መጨረሻ የሌለው መሆኑን ስታይ የሆነ እርካታ አገኘች። እሱ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ እየቀረጸ «ቀስ… ቀስ… አሁን ጥጡን ወደ ብርሃን አንሺው» እያለ ያዛታል። ሲጨርስ ጓንቱን መልሶ ወሰደው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛውን ካርቶን ከፈተች። እነዚህ ከሌሎቹ ለየት ይላሉ፤ ሁሉም ላይ አዲስ የታተመ ምስል ተለጥፏል፣ ከሥሩ የድሮው ተልጦ። የመጀመሪያውን አንስታ አራቱን ብሎኖች ፈታች። ሽፋኑ ለሁለት ተከፈለ።

በውስጠኛው ፕላስቲክ ላይ፣ በእርሳስ፣ በትናንሽ ፊደል እንዲህ የሚል ተጽፏል፦

«ቁጥር 17። ለአራተኛ ጊዜ ጸዳ። ሁለተኛ ጥርሱ ያመዋል፤ እንዳይነፋ።»

ጽሕፈቱን ወዲያው አወቀችው። የራሷ ነው። በዚያን ጊዜ ካሴቶቹን እንደ በሽተኛ ቆጥራ በየሆዳቸው የሕክምና ማስታወሻ ትጽፍ ነበር፤ ለማንም ሳትናገር፣ ለራሷ ብቻ። ረስታው ነበር።

ሁለተኛውን ፈታች። «ቁጥር 40። ድምፁ ይቆራረጣል። ዛሬ ተሻለው።» ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን፣ ሠላሳኛውን። አንድ ደንበኛ ሪሞት ይዞ መጥቶ ብዙ ቆመና ሳትሰማው ተመልሶ ሄደ። ምሳ ሳትበላ ሁሉንም ከፈተች፤ ሃምሳ ስምንት ነበሩ። ሦስቱ ጎድለዋል።

የገረማት ስርቆቱ አልነበረም። ያ ሰው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰረቃቸውን ካሴቶች ምስል ልጧል፣ ፎቶ አንስቷል፣ ነፍቷል፣ አልቅሶባቸዋል። የካሴት አባት ተብሏል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ብሎን ፈትቶ ውስጣቸው ምን እንዳለ አላየም። አይቶ ቢሆን የሚያጋልጠውን ጽሑፍ በላጲስ ባጠፋው። እሷ ወንድሟን ሌባ ነው ብላ ጠርጥራው አታውቅም ነበር፤ ለሌብነት የሚበቃ ትጋት ያለው አይመስላትም ነበርና። ሌባ ሆኖም ሰነፍ ሆነ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሱቁን ዘግታ ቤት ገባች። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የሹራብ ክር ትጠቀልላለች። እትዬ ካውያ የአሥራ ሰባት ቁጥርን ሽፋን ጭኗ ላይ አኖረችላትና መነጽሯን አቀበለቻት። እናቷ ረጅም ጊዜ ወስዳ አነበበች።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከልጅሽ ካርቶን።»

እናቷ ሽፋኑን ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው።

«እማዬ፣ አልደነገጥሽም።»

«እርጅና ነው፤ ድንጋጤም ይደክማል።»

«እማዬ!»

እናቷ መነጽሯን አወለቀች። «በዓመቱ ነው ያወቅሁት» አለች። «የጓደኛው እናት ነገረችኝ። ካሴቶቹን እነሱ ቤት አልጋ ሥር ደብቋቸው አይታለች።»

«በዓመቱ? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? አንዱ ልጄ ሌባ ነው ብዬ ሰፈር ላውጅ? የሄደ ዕቃ ሄዷል ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«ሆድሽ እሱን ፈጅቶ እኔን ግን ‹ቆልፈሻል› ስትይኝ ኖርሽ! ሃያ ስድስት ዓመት እያወቅሽ!»

«መጀመሪያ አምኜ ነበር የምጠይቅሽ። በኋላ… በኋላ ከተውኩት ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ልማድ ሆነ።» ክሩን አነሳች። «አንቺ ትችያለሽ። እሱ አይችልም ነበር፤ ይሰበር ነበር።»

«እኔስ?»

«አንቺማ አልተሰበርሽም።»

እትዬ ካውያ ለዚህ የሚሆን ንቀት በውስጧ ፈለገች። ለደንበኛ የምታወጣው አነሰ፤ ለወንድሟ ያስቀመጠችው አልገጠመም። ለእናት የሚሆን አልነበራትም። ሽፋኑን ከእናቷ ጭን ላይ አንስታ ወጣች፤ በሩን እንደተከፈተ ተወችው።

አርብ ጠዋት ወንድሟ ካርቶኖቹን ሊወስድ መጣ። ሰማንያ ሁለቱ፣ የዳኑትም የሞቱትም፣ ተገጥመው፣ ከጫማ ሣጥን በሰበሰበቻቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች መሐል ተደርድረዋል። ሃምሳ ስምንቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንጋለዋል።

«ምነው እነዚህ ሳይገጠሙ?»

«አንብብ።»

ጎንበስ አለ። አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ። ጆሮው ቀላ።

«ይሄ… ምንድነው ይሄ?»

«ጽሑፍ ነዋ። ሃያ ሰባት ዓመት ስትነፋበት ኖርክ፤ ውስጡን ግን አንድ ቀን አላየኸውም።»

መጀመሪያ ገበያ ላይ ነው የገዛኋቸው አለ። ቀጥሎ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ አለ። ሦስተኛ ውሸት ሲፈልግ ጊዜ ወሰደበት፤ እሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው።

«ለምን?» አለችው። «እሱን ብቻ ንገረኝ። ተቸግረህ ነበር? ያስፈራራህ ሰው ነበር?»

«ቁልፉን ላንቺ ሰጠችሽ!» ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «እኔ ታላቅ እያለሁ! አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ስትንጎራደጂ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንቺን እየለመነ፣ እኔም ጭምር፣ እኔም አንቺን እየለመንኩ!»

«ሃያ ዓመትህ ነበር፣ ጋሼ።»

እትዬ ካውያ ሌሊቱን ምክንያቱን ስታስብ ነበር ያደረችው፤ አንዳች ክፉ ነገር፣ በሽታ፣ ፍቅር፣ ዕዳ፣ ቢያንስ ለጥላቻ የሚበቃ ነገር። ትልቅ ኃጢአት ጠብቃ ትንሽ ሰው አገኘች።

«ቅዳሜን ብቻ አሳልፊኝ» አላት። «ሰው ተጠርቷል። አታዋርጂኝ።»

«ካሴቶቹን እኔ ራሴ ለቤተ መጻሕፍቱ አደርሳለሁ።»

ይቅርታ ያገኘ መሰለውና ግንባሯን ሊስማት ተንጠራራ። የጋለውን ካውያ ከማስቀመጫው አነሳች። ተመለሰ።

ቅዳሜ በጠዋት አዳራሹ ደረሰች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። መስታወት የለበሰ ጠረጴዛ አስከፈተችውና ሃምሳ ስምንቱን እንደተንጋለሉ ደረደረቻቸው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ «ዛሬ ተሻለው» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፤ ልጅ ሳለሁ።»

«ታዲያ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ማብራሪያ ስምዎ የለም።»

«ያን ያዘጋጀው ወንድሜ ነው።»

ሰውዬው መነጽሩን ወለወለ።

ከቀትር በፊት አዳራሹ ሞላ። ቴሌቪዥኖቹ ጋ ወረፋ ነበር፤ ከእሱ የባሰው ግን መስታወቱ ጋ ነው። ሰው ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥሞ እያነበበ ይስቃል። አባ ካሴት አዲስ ኮት ለብሶ ሲገባ ግማሹ አጨበጨበለት። አንዲት ሴት ስልኳን ደቅና፣ «አባ ካሴት፣ እነዚህ ጽሑፎች ልብ ይነካሉ! የማን እጅ ጽሑፍ ነው?» አለችው።

ዞር ሲል እህቱን አያት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እውነቱን ለመናገር ሁለት ቃል ይበቃው ነበር፤ እሷም፣ ምን ይደበቃል፣ ይላቸው ይሆናል ብላ ለአንዲት ቅጽበት ጠብቃ ነበር።

«የኔ ነው» አለ። «ሕፃን ሆኜ እያንዳንዱን እንደ ታማሚ ነበር የማክመው።» ዓይኑ እንባ ሞላ። እውነተኛ እንባ ነበር።

እትዬ ካውያ ሳቀች። ልትይዘው ሞከረች፤ አልያዝ አለ። ከሆዷ የመጣ ሳቅ ነው፤ አዳራሹን አዳረሰው። ሰው ሁሉ ዞረ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ… ጸሐፊዋ እኚህ ናቸው። ጠዋት ይዘዋቸው የመጡትም እሳቸው ናቸው።»

«እህቴ ናት… አዎ፣ ታግዘኝ ነበር» አለ ወንድሟ።

ከቦርሳዋ ጫፉ የተቦረቦረውን ካቻቢቴና አንድ የተገጠመ ካሴት አወጣች። «እንግዲያው አንዱን ክፈትላቸው፣ ጋሼ። ሰው ሁሉ ይየው።»

ካቻቢቴውን ተቀበላት። አገላበጠው። ከዚያ በሌላ እጁ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም!» እያለ ወደ በሩ አመራ። የስልኩ ስክሪን ጥቁር መሆኑን ከፊት የቆሙት ሁሉ አዩ። ካቻቢቴዋንም ይዞባት ሄደ።

ይህ ያዋረደው የሚመስለው ሰው ካለ ሰውየውን አያውቀውም። በማግስቱ «ስለ እህቴ ያልነገርኳችሁ» የሚል ቪዲዮ አወጣ። በእሱ ትረካ ታናሽ እህቱን ካሴት ማጽዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ በሥራዋ እንድትኮራ ብሎ ሆን ብሎ ወደ አደባባይ ያወጣትም እሱ ነው። አለቀሰ። አራት ሺህ ተከታይ ጨመረ። አንድ ደንበኛ ሊያሳያት ስልኩን ዘረጋላት፤ እሷ «ቻርጅ ማድረጊያው ነው የተበላሸው ወይስ ባትሪው?» ብላ ከፈተችው። ዘመዶቹ ግን የተሰረቁት ካሴቶች ከማን እጅ እንደተገኙ ተቀባብለው ሰምተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ በሩን ማን ይዝጋ የሚል ቀልድ አልተነሳም። እሱም ቀድሞ ተነስቶ ሄደ።

ቤተ መጻሕፍቱ ሃምሳ ስድስቱን አስቀርቶ በቋሚነት ሊያሳያቸው ጠየቃት፤ እሺ አለች። ስለ አቀማመጣቸው አንድ ገጽ ጻፈችላቸው፤ ከመስኮት እንዲርቁ፣ እንዲቆሙ፣ በላስቲክ እንዳይታሰሩ፣ ከረጢቶቹ በየወሩ እንዲቀየሩ። በመጨረሻው መስመር፣ ማንም ሰው በምንም ምክንያት አፉን እንዳያስጠጋባቸው። ሁለቱን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች።

ከእናቷ ጋር ሦስት ሳምንት ያህል የተነጋገሩት ስለ ጨውና ስለ ሳሙና ብቻ ነው። እናቷ «ቆልፈሻል?» ማለቷን አቆመች፤ በምትኩ ልጇ ስትወጣ አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እትዬ ካውያ አሮጌውን ማጫወቻ ከቴሌቪዥኑ ጋር ስታገናኝ እናቷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች።

«ይሠራል?»

«እኔ የነካሁት መች አልሠራ ብሎ ያውቃል።»

«እስቲ ስጪኝ።»

ካፖርት የለበሰች ድመት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። እናቷ ጆይስቲኩን ገልብጣ ይዛዋለች። ድመቷ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ጉድጓድ ገባች።

«ዝለይ እንጂ!»

«የቱ ነው መዝለያው?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ጌም ቤት ይዘሽ መዝለያውን አታውቂውም? ወይ እማዬ፣ አንቺስ የማትረቢ ነሽ!»

«መቼ ተጫውቼ አውቃለሁ? ልጆቹን ስጠብቅ ነበር የኖርኩት።» እትዬ ካውያ ጆይስቲኩን አቃናችላት። ድመቷ እንደገና መራመድ ጀመረች። እናቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ» አለች።

«አዎ፤ ነበረብሽ።» እትዬ ካውያም ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። «አሁን ዝለይ።»

እናቷ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ደፈቀችው። ዘግይታ ነበር።

«እጅ የለሽም» አለቻትና እንደገና አስጀመረችላት።